ድልድዩ የረዘመበት ጠዋት

ስድስተኛውን ቁልፍ ከቀኝ ኪሱ አውጥቶ ግራ ኪሱ ውስጥ ሲጨምር፣ ቀያሹ ገና ድልድዩ ጋ አልደረሰም ነበር።

ይህ ሊሆን አይገባም። ከቤቱ ደፍ እስከ ድልድዩ የመጀመሪያ ድንጋይ ስድስት መቶ እርምጃ ነው። ሃያ ቀን ሙሉ ስድስት መቶ ነበር፤ አንድ አልጨመረ፣ አንድ አልጎደለ። በየመቶው አንድ የካፖርት ቁልፍ ከኪስ ወደ ኪስ ያሻግራል፤ ስድስተኛው ቁልፍ ከጓደኞቹ ጋር ተጋጭቶ ቀጭ ሲል የግራ እግሩ ድንጋዩን መርገጥ ነበረበት። ዛሬ ግን ድልድዩ ከፊቱ፣ ጉም ውስጥ፣ ፈንጠር ብሎ ቆሟል፤ የሚሸሽም የሚጠብቅም መስሎ።

«ስድስት መቶ አንድ» አለ አፉን በሸፈነው ሻሽ ውስጥ፣ በሹክሹክታ። «ስድስት መቶ ሁለት።»

ዘጠኝ እርምጃ ተጨመረበት።

ተሳስቼ ነው ብሎ አለፈው። አራት መቶ አካባቢ አንዲት ሴት ከፎቅ መስኮት ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ብላው ነበር፤ እሱም ባርኔጣውን አንስቷል። ሰላምታ ቆጠራ ያበላሻል። ነገ አራት መቶ ላይ ቀና እንዳይል ለራሱ ነገረው።

ከተማዋ እንዲህ ጸጥ ካለች ሦስት ሳምንት አልፏታል። በሽታው በባቡር መጣ የሚሉ ነበሩ፣ በነጋዴ ዕቃ መጣ የሚሉም፤ አዋጁ ግን በጥሩምባ ነው የመጣው። ከየቤቱ አንድ አዋቂ ብቻ ይውጣ፤ የሚወጣውም ጠዋት ከመጀመሪያው ደወል እስከ ሁለተኛው ደወል፣ ቁጥር የተመታበት የቆርቆሮ ምልክት ይዞ፤ ሰው ከሰው ስድስት እርምጃ ይራቅ። ከዚያ ወዲህ በድንጋይ ንጣፉ መካከል ሣር በቅሏል። የመንገዱን ፋኖስ የሚያበራውና የሚያጠፋው ሰው ስለታመመ የጋዝ መብራቶቹ ቀን ከሌት ይነዳሉ፤ በጠዋቱ ጉም ውስጥ እያንዳንዳቸው እንደ ተላጠ ብርቱካን ተንጠልጥለዋል። በአንዳንድ በሮች ላይ የኖራ ምልክት አለ። የኖራ ምልክት ያለበት በር ለአርባ ቀን አይከፈትም፤ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። የምክር ቤቱ ጋሪ በሦስት ቀን አንዴ ዱቄትና ድንች ደጁ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ወተት አይጥልም።

ቀያሹ ይህን የመጨረሻውን ነገር በየቀኑ ያስበዋል።

ሕፃኑ የተወለደው በአዋጁ ዋዜማ ነው። ያን ቀን ቀያሹ ከመስክ መመለሱ ነበር፤ የማዕዘን መለኪያውን ቴዎዶላይት በአንድ ትከሻው፣ የልክ ሰንሰለቱን በሌላው እንደተሸከመ አዋላጇ በር ላይ አስቆመችውና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከሩቅ ከፍ አድርጋ አሳየችው። የተጠቀለለ ካርታ ያህላል። «ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር፣ ነገ ታቅፈዋለህ» አለችው። ነገ አዋጅ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱን ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ የወሊድ ነበርና በሳምንቱ ለቀቃት፣ ጡቷ ግን ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ወተት የሚመጣው በጣሳ ነው፤ ጣሳውን የሚያመጣው ደግሞ እሱ ነው።

የሚወጣ ሰው ከሕፃን ጋር አንድ አየር አይተነፍስም ብሎ ወሰነ። በመንገዱ በኩል ባለችው የመሣሪያ ክፍል፣ በሦስት እግር መቆሚያዎችና በቀይ ነጭ እንጨቶች መካከል አልጋ ዘረጋ። ወደ ውስጥ የሚያስገባውን በር ቆለፈው፤ ስንጥቁን ኮምጣጤ በተነከረ ጨርቅ ወተፈው። ከገበያ ሲመለስ ጣሳውን ከውጭ በወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ያስቀምጥና ዘወር ይላል፤ አማቱ በኮምጣጤ አጥባ ታስገባዋለች፤ ወተቱ ሁለት ጊዜ ይፈላል። ከዚያ ከተቆለፈው በር ጀርባ የስምንት ዓመት ሴት ልጁ እርሳሷን ስላ ትጠብቀዋለች። ረዳት ብሎ ይጠራታል፤ በሌላ ስም ለሚጠራት አትመልስም።

«ድልድዩ?»

«ስድስት መቶ።»

«ወተት ቤት?»

«ከድልድዩ ማዶ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ።»

«ሰው ስንት አገኘህ?»

«ሁለት። አንዱን መንገድ ተሻግሬ አለፍኩት፤ ሌላዋ ስትመጣ ነፋሱ ከእኔ ወደ እሷ ይነፍስ ነበር።»

ልጅቱ ይህን ሁሉ በሩ ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ላይ ትስላለች፤ ጠባቡን መተላለፊያ፣ ሰልፍ የሚበዛበትን ጥግ፣ የኖራ ምልክት ያለባቸውን በሮች፣ ሁሉንም በእርምጃ። ቁልፎቹንም የሰጠችው እሷ ናት፤ ከአያቷ ካፖርት ቆርጣ።

«ምን ዓይነት ቤት ነው የገባሁት!» ትላለች አማቱ ከወዲያ ማዶ። «ሰው ወተት ሊያመጣ ይወጣል፣ መንገዱን ቆጥሮ ይመጣል። ካፖርቴን አራቁታችሁት።»

አማቱ በዘጠነኛው ቀን በተናገረችው ግን ማንም አልሳቀም። ሕፃኑ ከጠዋት ጀምሮ እሪ ሲል፣ ባለቤቱ በሩን ተደግፋ «አንዴ እንኳ ብታየው…» ስትል፣ ቀያሹ እጁን የበሩ እጀታ ላይ አሳርፎ ነበር። የእጀታው ነሐስ ከእጁ ሥር ሞቀ። ከዚያ እጁን አነሳ። «አንተ ሰው፣ ከድንጋይ ነው እንዴ የተጠረብከው?» አለች አማቱ። በማግስቱ ግን በስንጥቁ በኩል «እንግዳው ስንት ይረዝማል?» ብሎ ጠየቀ። እንግዳው የሚሉት ሕፃኑን ነው፤ ስም አልወጣለትም።

«እኔ እለካዋለሁ!» አለች ረዳት።

«ማንም አይለካውም» አለች አማቱ፤ በዚያ ቀን ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «በዚህ ሰሞን የሚለካው ማን እንደሆነ፣ ለኪውም አናጢው እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚህ ቤት ሕፃን አይለካም።»

እናም አልተለካም።

ድልድዩ ላይ የሚቆመው አስር አለቃ ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። ጫፉ የተሰነጠቀ ረጅም ዘንግ አለው፤ አላፊው ምልክቱን ስንጥቁ ላይ ይሰካለታል፣ እሱ ወደ ራሱ ስቦ ያነበዋል፣ ኮምጣጤ ማሰሮ ውስጥ ይነክረዋል፣ መልሶ በዘንጉ ያቀብላል። ዓሣ የሚያጠምድ ይመስላል።

«እህ፣ ጌታ ቀያሽ፣ ድልድዬ ስንት ሆኖ አደረ?»

«እንደ ትናንቱ ነው፣ አስር አለቃ። ማንም አልሰረቀዎትም።»

«ምስጋና ይግባው። በእኔ ተራ ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆርጡታል።»

ይህን ጨዋታ በየቀኑ ይጫወቱታል። ድልድዩን ከአሥር ዓመት በፊት በሰንሰለት የለካው ቀያሹ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አርባ ሜትር፣ በእሱ እርምጃ ሃምሳ ሁለት። በማያጠራጥር ሁኔታ የሚያውቀው ርዝመት ቢኖር ይህ ነው። ስለሚያውቀውም ሲያልፍበት አይቆጥርም፤ ውሃውን ያያል። ዛሬ ውሃው በጉሙ ሥር የሚሄድ አይመስልም፤ ድልድዩ ነው ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚቀዝፈው።

ማዶ እንደተሻገረ ቆጠራውን ጀመረ። መንገዱ ለስላሳ ነበር። ድንጋዩ ከጫማው ሥር ትንሽ ሰርጎድ ብሎ ይመለሳል፤ ወፍራም ምንጣፍ ላይ እንደሚሄድ ሰው ሆነ። የቤቶቹ በሮች አንዱ ከሌላው የራቁ መሰሉት፤ በዳቦ ቤቱና በጫማ ሰፊው መካከል ትናንት ያልነበረ ቦታ አለ፤ ባዶ አይደለም፣ ግን ምን እንደሞላው አያስታውስም። ከተማዋ ሌሊቱን ማንም ሳያያት ታጥባ የተሰጣች ሹራብ መስላ ሳብ ብላለች። ደስ የሚል ነገር ነበረው። እንግዲህ አዲስ ካርታ ያስፈልጋል ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡ እንዳላስገረመው ያስተዋለው በኋላ ነው።

ሦስት መቶ ስልሳ አንድ። ወተት ቤት።

ባለ ወተቷ ከፎቋ መስኮት ወደ መንገዱ የጣራ አሸንዳ ዘርግታለች። ገዢው ጣሳውን ከታች ከፍቶ ስድስት እርምጃ ይርቃል፤ እሷ ከላይ ታንቆረቁራለች፤ ወተቱ በአሸንዳው ላይ ነጭ መስመር እየሰራ ይወርዳል። ሳሙናም ትሸጣለች፤ እሱም የሚወርደው በዚያው አሸንዳ ነው፤ ሁልጊዜም ከወተቱ በኋላ። በመጀመሪያው ሳምንት ቅደም ተከተሉ ተገላብጦ ግማሹ ሰፈር አረፋ ጠጥቷል።

«ዘገዩ ዛሬ» አለችው።

«እኔ አልዘገየሁም፣ እትዬ። መንገዱ ነው የረዘመው።»

«ኧረ እዚያው በጠበላችሁ! እርስዎም ይቀልዱ ጀመር? ያ ትንሹ ጌታዬ እንዴት አደረ?»

«ይጠጣል ይላሉ።»

«ይጠጣ፣ ይጠጣ። ላሞቼ አዋጅ አያውቁም፣ ይሰጣሉ።» በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «ጉንጭዎ ቀላ ብሏል ደግሞ። ለካስ ተኝተው አድረዋል።»

የጣሳውን ክዳን አጥብቆ ዘጋ። ሳሙናው ሸርተት ብሎ ወርዶ እግሩ ሥር ቆመ፤ በግራ እጁ አነሳው፤ ዕቃን በግራ እጅ፣ ፊትን በቀኝ እጅ ብቻ መንካት ነው ሕጉ። ከዚያ ወደ ድልድዩ ዞረ።

ሲመለስ ጣሳው ስለከበደው ሳይሆን አይቀርም፣ ሦስተኛውን ቁልፍ ሲያሻግር ድልድዩ ገና አልታየውም። ሦስት መቶ ሃምሳ ላይ የጉሙ ጠርዝ ላይ ጥላው ወጣ። ሦስት መቶ ሰባ ሁለት ላይ ድንጋዩን ረገጠ።

ቆመ።

ከራሱ ላይ ፋኖሱ እየነደደ ነበር። ጣሳውን መሬት አስቀምጦ፣ ጀርባውን የፋኖሱን ግንድ አስደግፎ፣ እንደ ቢሮ ሥራ ጀመረው። ከቤት እስከ ድልድይ በስድስት መቶ ላይ ዘጠኝ፤ በመቶ አንድ ተኩል። ከድልድይ ወተት ቤት በሦስት መቶ ሃምሳ ላይ አሥራ አንድ፤ በመቶ ሦስት። ያው መንገድ ሲመለስ ሃያ ሁለት፤ በመቶ ከስድስት በላይ።

ለአዳዲስ ሰንሰለት ጎታቾች በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው ነገር አለ። ሰው ሲሳሳት ስህተቱ ወዲያም ወዲህም ይወድቃል፤ አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይቀንሳል፤ ብትደምረው ይጣፋል። እንዲህ ያለውን ስህተት አትፍሩት፣ የደህና ሰው ስህተት ነው ይላቸዋል። ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚያጋድል፣ እያደር የሚያድግ ስህተት ካያችሁ ግን ቆጣሪውን ተዉትና መሣሪያውን መርምሩ፤ የሆነ ቦታ ሰንሰለቱ ተኮማትሯል።

መንገዱ አልረዘመም። ከተማዋም አልተለጠጠችም። እዚህ ያለው መሣሪያ አንድ ነው።

ወደ ጫማው አየ። አቧራ የነካቸው፣ ሁለት የታወቁ ጫማዎች ነበሩ።

አላሳለውም። ራሱን አላመመውም። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይህ ነው፤ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱም የሚያውቀው በቁልፍ ነው። ከዚህ እስከ ቤቱ ድልድዩና ስድስት መቶ እርምጃ ይቀራል። የመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ መተኛት ይችላል፤ በሩ ቁልፍ ነው፣ ስንጥቁ የተወተፈ። ነገ ይሻለው ይሆናል። ካልተሻለው ግን ሹሞቹ ይመጣሉ፤ ታማሚ የተኛበት ቤት ብለው ኖራውን ይቀባሉ፤ የመሣሪያ ክፍልና ወጥ ቤት አይለዩም። አርባ ቀን። ዱቄትና ድንች። ከመግባቱ በፊት ራሱን ከሰጠ ደግሞ የታማሚዎች ማቆያ ወደ ሆነው የኮረብታው ትምህርት ቤት ይወስዱታል፤ አልጋዎቹ በየክፍሉ የተደረደሩበት፣ ሰው ሲገባ በፊት በር ሲወጣ አንዳንዴ በጓሮ በር የሆነበት። የቆርቆሮ ምልክቱ ግን ለቤቱ ሌላ አዋቂ ይተላለፋል። አዋጁ እንዲህ ይላል፤ ሦስት ጊዜ አንብቦታል።

ደግሞ ተሳስቶ ቢሆንስ? ሰላምታ፣ የጣሳ ክብደት፣ ጉም። ለአንድ ቁልፍ ብሎ ሰው ራሱን ለዚያ ቤት ይሰጣል? ሆዱ ይህን ሲለው ድምፁ የማንንም አይመስልም ነበር፤ ለስላሳ፣ የሚያባብል፣ ከመንገዱ ጋር የተስማማ።

መሣሪያ የሚጠረጠር ከሆነ በታወቀ ርዝመት ላይ ይፈተናል። ጣሳውን አነሳ። ግራ እግሩን የድልድዩ የመጀመሪያ ድንጋይ ላይ አስተካክሎ አሳረፈ፤ ውሃውን አላየም፤ ሰላም የሚለውም አልነበረም። እንደ ወትሮው፣ ሳያስረዝም፣ ሳያሳጥር፣ ደህና ሰው እንደሚራመድ ተራመደ። አርባ ላይ ገና መሐል ላይ ያለ መሰለው። ሃምሳ ሁለት ላይ የአስር አለቃው ዘንግ ከፊቱ አራት ድንጋይ ያህል ርቆ ይታያል።

ሃምሳ ሰባት።

አርባ ሜትር ለሃምሳ ሰባት ሲካፈል ሰባ ሳንቲ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ሰባት ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦታ ጥሏል።

«እህስ፣ ጌታ ቀያሽ» አለ አስር አለቃው ምልክቱን ሊቀበል ዘንጉን እየዘረጋ፣ «ድልድዬ እንዴት ነው?»

«አምስት እርምጃ ጨምሯል፣ አስር አለቃ።»

አስር አለቃው ሳቀ። ቀያሹ አልሳቀም፤ ምልክቱንም አልሰካም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ጣሳውን የድልድዩ ግድግዳ ላይ አስቀመጠ። ሳቁ ቀስ ብሎ ከሰውየው ፊት ወረደ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ለክቼዋለሁ።»

«አላሳልዎትም እኮ።»

«ገና ነው። ነገ የሚያስል ሰው ዛሬ ቢያቆሙት ይሻላል።»

አስር አለቃው ዘንጉን መሬት ላይ ተከለ። ከዚያ ድምፁ የሥራ ሆነ። «ወደ ቤትዎ ውስጥ የገቡት መቼ ነው? ከቤተሰብ ጋር የተቀመጡት?»

«ከሃያ አንድ ቀን በፊት። የማድረው ለብቻዬ፣ በሩ በተቆለፈ ክፍል ነው።»

«ሃያ አንድ ቀን? ሚስትና ልጅ እያለዎት?» አላመነውም። «ምስክር ያስፈልገኛል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ምስክር ከሌለ በሩን ማስቀባት ግዴታዬ ነው።»

«አማቴ አለች።»

«የማን አማት ናት ለልጇ ባል የምትመሰክር?» አለና ጋሪውን ወደ ላይኛው ሰፈር የሚነዳውን ውሃ አዳይ በፉጨት አስቆመው። «አንተ፣ ቁጥር መቶ አሥራ አራት! ቀያሹ ቤት ፊት፣ ከመንገድ ሆነህ ጥራ! አማቲቱ ጣሳ ልትወስድ ትምጣ፣ ቀያሹ አይመጣም በል! ደህና አድርገህ ንገር፣ አታስደንግጥ!»

«ምን ብዬ ነው ሳላስደነግጥ?» አለ ውሃ አዳዩ።

የፈረሱ ኮቴ ጉሙ ውስጥ ራቀ።

ቀያሹ ከጣሳው ጥቂት ራቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ተቀመጠ። አሁን ብርድ ብርድ ይለው ጀመር፤ ሙቀትም አብሮ። ጉሙ ሲነሳ በቤቱ በኩል ያለው መንገድ፣ ቤቶቹ፣ ፋኖሶቹ፣ አንድ በአንድ ተስለው ወጡ፤ ረዳት የምትስላቸው ይመስል መጀመሪያ መስመራቸው፣ ቀጥሎ መስኮታቸው። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ አላወቀም። ከመንገዱ ጫፍ ድምፅ ሲሰማ ቀና አለ። አንዲት አሮጊት፣ ቁልፍ የሌለው ካፖርት በገመድ ታጥቃ፣ በአንድ እጇ ወረቀት ይዛ፣ መሐል መንገዱን ይዛ ትመጣለች፤ ጮክ ብላ እየቆጠረች።

«ዘጠኝ መቶ አሥር፣ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት!» ዘንጉ አጠገብ ቆመች። «ስድስት መቶ ነው ያልከኝ ድልድይ ይኸ ነው? ያቺ ልጅህ ኮሪደር ውስጥ አሥር ጊዜ አመላልሳኝ፣ እግሬን በማስመሪያ ለክታ፣ 'ለአንቺ ዘጠኝ መቶ አሥር ይሆናል አያቴ' አለችኝ። በሁለት ተሳሳተች።»

«እዚያው ይቁሙ፣ እማማ። አይጠጉ» አለ ቀያሹ።

ቆመች። አየችው። የምታየው ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ድምፁን ብቻ ነበር የምትሳደበው። ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር አይታ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች፤ የመንገዱ ካርታ ነበር፣ የሚታለፉት በሮች በቀይ ተሰምሮባቸዋል።

«እትዬ» አለ አስር አለቃው፣ «የማይዋሽ ቃል እፈልጋለሁ። ይህ ሰው ወደ ቤታችሁ ገብቷል?»

«እሱ?» አለች። «የገዛ ልጁ ከጠዋት እስከ ቀትር እየጮኸ፣ የገዛ ሚስቱ በሩ ላይ ተለጥፋ እየለመነች፣ አልገባም። እኔ ራሴ ድንጋይ ነህ አልኩት። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶኛል፣ ጠይቁ።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «ድንጋይ ነህ አልኩት» አለች ደግማ፣ አሁን ለአስር አለቃው አልነበረም።

አስር አለቃው የቆርቆሮ ምልክቱን ከቀያሹ በዘንጉ ተቀበለ፣ ኮምጣጤ ውስጥ ከወትሮው አስረዝሞ ያዘው፣ ለአሮጊቷ አቀበላት። በሩ ላይ ኖራ እንደማይቀባ ለመናገር ቃል አላባከነም። ጣሳውንም በዘንጉ ጫፍ አንጠልጥሎ አሻገረው።

«ሁለት ጊዜ ይፈላል» አለ ቀያሹ። «ዛሬ ሦስት ጊዜ ያፍሉት። ሳሙናው…»

«ሳሙናው ከወተቱ በኋላ ነው። ካርታው ላይ ተጽፏል፤ ምን የማይጻፍ ነገር አለ እናንተ ቤት?» ጣሳውን ይዛ አልሄደችም። ከካፖርቷ ብብት የታጠፈ ወረቀት አወጣች፣ እንደሚያቃጥል ነገር በሁለት ጣት ይዛ። «ይኸን ስጠው» አለችው አስር አለቃውን። «እንዳትለካው ብያት ነበር። ውሃ አዳዩ ከመንገድ ሲጮህ ግን… ክሩን ከሣጥኔ አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እናቱ እግሩን ያዘች፣ እኔ ራሱን።»

ዘንጉ ወረቀቱን በውሃው ላይ አሻገረለት። ውስጡ ሦስት ክሮች ነበሩ፤ ነጭ፣ በሁለት ጫፋቸው የተቋጠሩ። በእርሳስ፣ በሚያውቀው ጥንቁቅ ጽሕፈት፣ «ሦስት ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ቃል የለም። አንድ ጊዜ የተለካ አልተለካም ብሎ ያስተማራት እሱ ነው።

እጅጌውን ሰበሰበ። የክንዱን ርዝመት ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ያውቀዋል፤ ሙቀት አያሳጥረውም። የመጀመሪያውን ክር ዘረጋበት፤ ክንድ ከአራት ጣት። ሁለተኛው አንድ ጣት በለጠ። ሦስተኛው አንድ ጣት አነሰ። እንደገና አነጻጸራቸው፤ ያው ነው። እንግዳው ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ፣ ጥቂትም አልፎ፣ ክንዱ ላይ ተጋድሟል። ክብደት የለውም፤ ነፋሱ ጫፉን ያነሳዋል።

«እኩል አይደሉም እኮ» አለ አስር አለቃው፣ አንገቱን አስግጎ። «የቱ ነው ትክክሉ?»

«ሁሉም።»

«እንዴት ሁሉም?»

«አንዱ በለጠ፣ አንዱ አነሰ» አለ ቀያሹ። «ወዲያም ወዲህም ነው የወደቀው። ሲለኩት ይንፈራገጥ ነበር።»

አማቱ ይህን ሰማች። ራሷን ነቀነቀች፣ ጣሳውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ዞረች። ገመድ የታጠቀ ጀርባዋ መሐል መንገዱን ይዞ ሲርቅ፣ ድምፅዋ እያነሰ፣ አልፎ አልፎ ለትንፋሽ እየቆመ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይል ነበር።

ቀያሹ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ክሮቹን በወረቀቱ ጠቅልሎ ቁልፎቹ ካሉበት ኪስ ሌላ ኪስ ውስጥ አኖራቸውና፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮረብታ፣ በአጫጭር እርምጃ ድልድዩን መልሶ ተሻገረ።